ከክረምት በፊት፦ የአሮጌ መኪና ዝገትና መከላከያው በወልቂጤና በቡታጅራ

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት በጉራጌ ምድር የእንሰት ልምላሜና የወንዞች ሙላት የሚታይበት ወቅት ቢሆንም፣ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ግን በበጋው ተደብቆ የቆየ ጉዳት የሚፋጠንበት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኘው ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የተመሠረተች ስትሆን፣ ከመዲናዪቱ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለችው ቡታጅራ ደግሞ በጉራጌ ተራሮች ግርጌ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሁለቱም በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ፤ የዚህም ዝናብ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ስለሚወርድ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ተሽከርካሪ በዓመት አንድ ጊዜ ለወራት ያህል ሳይደርቅ ይከርማል።

ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው በአገሪቱ አሮጌ መኪና ያለው ቦታ ነው። ቮልስ፣ ላዳ፣ ፊያት፣ ፔጆ 404 እና 504፣ ላንድሮቨር፣ ዲኤክስ ቶዮታና ሌሎችም ሠላሳ፣ አርባና ከዚያም በላይ ዓመታት ያስቆጠሩ መኪኖች በብዙ አገሮች የሰብሳቢዎች ጌጥ ሆነው ሲቀመጡ፣ በኢትዮጵያ ግን ብዙዎቹ ዛሬም ሰውና ዕቃ ያመላልሳሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት እጅግ ውድ ካደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ በእጅ ያለውን መኪና ማቆየት ከፍቅር አልፎ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ሞተር ይጠገናል፣ ፍሬን ይለወጣል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ በዝገት የተበላ ሻንሲ ግን ከሁሉም ለጥገና የሚከብደውና ብዙ ወጪ የሚጠይቀው ክፍል ስለሆነ፣ የአሮጌ መኪና ዕድሜ የሚለካው በመጨረሻ በላሜራው ጤንነት ነው።

የዝገት አሠራር

ዝገት ብረት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር በመዋሐድ የሚፈጥረው፣ ውሃ ያዘለ የብረት ኦክሳይድ ነው። ሂደቱ በባሕርዩ ኤሌክትሮኬሚካዊ ነው፤ ይህም ማለት እርጥበት ባረፈበት ብረት ላይ አንዱ ነጥብ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ሲሟሟ፣ ሌላው ነጥብ ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ ኦክስጅንን ያዋሕዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የውሃ ንብርብር ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ድልድይ ይሆናል ማለት ነው። በውሃው ውስጥ ጨው ወይም አሲድ ሲኖር የማስተላለፍ ኃይሉ ስለሚጨምር ብረቱ በፍጥነት ይበላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው መኪና የሚያረጀው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በእነዚያ አገሮች አገልግሎ የመጣ መኪና የውጭ ቀለሙ ቢያምርም ሆዱ አስቀድሞ የተጎዳ ሊሆን ይችላል።

አሉሚኒየም ሲኦክሰድ በላዩ ጥብቅ ሽፋን ፈጥሮ ራሱን ሲከላከል፣ የብረት ዝገት ግን ልልና ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ብረት አይጠብቅም። ከዚህም በላይ ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ ሁለት ላሜራዎች በተደራረቡበት ቦታ ሲያብጥ ብየዳውን ይፈለቅቃል፤ ከቀለም ሥር ሲያብጥ ደግሞ ቀለሙን እንደ ብጉር አንሥቶ ለተጨማሪ ውሃ በር ይከፍታል። በቀለም ላይ የሚታየው ትንሽ እብጠት እንግዲህ የችግሩ መጀመሪያ ሳይሆን፣ ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጭ ብቅ ያለ የችግሩ መጨረሻ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል።

ጨው የሌለበት ጠላት

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ መንገድ ላይ ጨው የሚረጭ የለም፤ የጨውን ሥራ የሚሠራው ጭቃ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የበቾ ሜዳ በጥቁር አፈሩ የሚታወቅ ሲሆን፣ ይህ ዋልካ አፈር ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥና የያዘውን ውሃ ቶሎ የማይለቅ ሸክላ ነው። ከፓራፋንጎ ሥር በተጠራቀመ ዋልካ ውስጥ ያለ ላሜራ፣ ዝናቡ አባርቶ የመኪናው ጣሪያ ከደረቀ በኋላም ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በበጋ የሚነሣው አቧራም ንጹሕ አይደለም፤ በበሮች ሥርና በሻንሲ ባዶ ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ፣ ክረምቱ ሲገባ ውሃ የሚመጥ ንጣፍ ይሆናል።

የደጋውና የወይና ደጋው አየር ጠባይ ሌላ ምክንያት ይጨምራል። ቀን በፀሐይ የሞቀው ላሜራ ሌሊት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ፣ በተዘጉ ክፍሎች ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ወደ ጠል ይለወጣል፤ ስለዚህ ዝናብ ያልነካው የመኪና ክፍልም ከውስጥ ይረጥባል። በኮባ ተጠቅልሎና ውሃ ተርከፍክፎበት የሚጫን ጫት፣ ከረጢቱ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ ምንጣፍ ሥር የፈሰሰ ውሃ፣ እንዲሁም የመኪናውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች የሚደፍነው የባሕር ዛፍ ቅጠል የአካባቢው መኪኖች የዕለት ተዕለት ገጠመኞች ናቸው። በተለይ ማዳበሪያ በውሃ ሲሟሟ የሚፈጥረው ጨዋማ ፈሳሽ ላሜራን አጥብቆ ስለሚበላ፣ ማዳበሪያ የጫነ መኪና ወለሉ ሳይታጠብ ማደር የለበትም።

የየመኪናው ደካማ ጎን

ሁሉም መኪና በአንድ ቦታ አይዝግም። ቮልስ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ አሠራሩም በጣም የታወቀ መኪና ስለሆነ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚሄደው ከሁለቱ በሮች ሥር በሚዘልቁት ባዶ ደፎች ውስጥ ነው። እነዚህ ደፎች አየር ማስተላለፊያ ብቻ ሳይሆኑ የመኪናውን አካል ቀጥ አድርገው የሚይዙ ምሰሶዎችም ናቸው። ሙቅ አየር ሲያልፍባቸው፣ ከዚያም ሲቀዘቅዙ ከውስጥ ጠል ስለሚይዙ፣ ከውጭ ጤነኛ መስለው ሳለ ከውስጥ ወደ ወረቀትነት ይለወጣሉ። ደፉ የተበላ ቮልስ በሩ በአግባቡ አይገጥምም፤ በክሪክ ሲነሣም በሩና ክፈፉ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ይታያል።

የዚሁ መኪና የኋላ ወንበር ሲነሣ በስተቀኝ ባትሪው ይገኛል። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው የአሲድ እንፋሎት ወለሉ ላይ ስለሚያርፍ፣ በብዙ አሮጌ ቮልሶች ላይ በዚህ ቦታ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር፣ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ቀለም፣ ከእርሱም ሥር በጣት ሲነካ በልጥ በልጡ የሚነሣ ቡናማ ላሜራ ይታያል። የካቻቢቴ ጫፍ በቀስታ ሲጫን ሊያልፍ ይችላል፤ ሲያልፍ ደግሞ ከሥር የጋራዡ መሬት ይታያል። ከዚሁ ወንበር ሥር መኪናውን በመካከል በሚያቋርጠው ጉብታ ላይ የሻንሲው ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ተሽከርካሪን ስለ መለየት፣ ስለ መመርመርና ስለ መመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምዝገባውን ከዚህ ቁጥር ጋር ስለሚያያይዘው፣ ዝገት ሲፋቅ ቁጥሩን በግራይንደር መንካት ወይም በወፍራም ቀለም መድፈን በዓመታዊ ምርመራና በስም ዝውውር ጊዜ ችግር ያመጣል።

ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ መኪና ሲሆን፣ የሶቪየት መሐንዲሶች ለመጥፎ መንገድ እንዲሆን ላሜራውን ወፈር አድርገው ሠርተውታል። ይሁን እንጂ የበሮቹ ሥር፣ የፊት ፓራፋንጎ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታና ክሪክ የሚገባባቸው ነጥቦች ጭቃ አከማችተው ይዝጋሉ። ላንድሮቨር ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። የውጭ አካሉ በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅይጥ በመሆኑ ባለቤቱ መኪናው የማይዝግ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ሻንሲው ባዶ የብረት ሳጥን ሆኖ ከውስጥ ይዝጋል፤ አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በተገናኘበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ የሚፈጠረው መበላላት ይከሰታል። ከላንድሮቨር ሻንሲ አስቀድሞ መታየት ያለበት የኋለኛው ተሻጋሪ ብረት ነው።

የእነዚህ መኪኖች ድካም የጋራ ምክንያት የተሠሩበት ዘመን ነው። የመኪና አካልን በዚንክ መለበጥ በስፋት የተለመደው ዘግይቶ ሲሆን፣ ፖርሽ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አውዲ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነበር ሙሉ አካልን መለበጥ የጀመሩት። የቤት ቆርቆሮ ለዓመታት ዝናብ ችሎ የሚኖረው በዚህ የዚንክ ልባጥ ምክንያት ነው፤ ዚንኩ ከብረቱ አስቀድሞ ራሱን እያስበላ ብረቱን ያተርፈዋል። የቆዩት መኪኖች ግን ይህ ጥበቃ ስለሌላቸው፣ በእነርሱና በውሃው መካከል ያለው ቀለም ብቻ ነው።

ምርመራ

ሙሉው ሥራ የሚመረጥለት ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ሲሆን፣ ይህ ካልሆነ ግን ቢያንስ በግንቦት፣ በበልጉ ዝናብ መካከል ፀሐይ ለጥቂት ቀናት በተከታታይ ሲወጣ መጠናቀቅ ይኖርበታል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መሬት ላይ በቆሙ የብረት ካቫሌቶዎች ላይ ማረፍ አለበት፤ በክሪክ ብቻ ወይም በተደረደረ ድንጋይ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ሕይወት የሚያሳጣ ድፍረት ነው።

ምርመራው የሚከናወነው በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ነው። በካቻቢቴ እጀታ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ላሜራ ጤነኛ ሲሆን፣ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ወይ በዝገት የተበላ ወይም ከላዩ ስቱኮ የተለሰነበት ነው። ስቱኮ የተዛባ ላሜራን ለማስተካከል የሚቀባ መሙያ ሲሆን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በደንብ የማይዝበት ቦታ ወፍራም ስቱኮ ያለበት መሆኑን ያመለክታል። የተበሳ ላሜራን በስቱኮ መድፈን ጥገና አይደለም፤ ስቱኮ እርጥበት ስለሚመጥ ከሥሩ ያለውን ብረት ያበላዋል፣ ባለቤቱንም ገዢውንም ያታልላል። እንዲህ ያለው ቦታ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት፤ ከብየዳ በፊት ደግሞ የባትሪው ገመድ መነቀል፣ ነዳጅ ታንኩ በአቅራቢያው ካለ መውረድ ይኖርበታል።

በዚሁ ጊዜ የፍሬን ዘይት የሚሄድባቸው የብረት ቱቦዎች በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ብዙ የጉራጌ ተወላጅ ለመስቀል ወደ ቀዬው የሚጓዘው በመስከረም አጋማሽ፣ መኪናው ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ከከረመ በኋላ ነው። ቤተሰብና ስጦታ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና የዛገ ቱቦው በዚያ ጉዞ ላይ ቢፈነዳ የሚከተለው ጉዳት ከላሜራ በላይ ነው።

ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መፋቅ

ከሁሉም የሚቀድመው ውሃ ነው። በላቫጆ ያለው የግፊት ውሃ ከፓራፋንጎ ጠርዝ፣ ከባሊስትራ መሐልና ከሻንሲ ቀዳዳዎች ጭቃውን እስኪያወጣ ድረስ ሆዱ በደንብ መታጠብ፣ የበሮቹና የደፎቹ መውረጃ ቀዳዳዎችም በቀጭን ሽቦ መከፈት አለባቸው። ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ጥርት እስኪል መቀጠል ይገባል። ባትሪው ያረፈበት ወለል በውሃ ውስጥ በተሟሟ የቤት ሶዳ ሲታጠብ አሲዱ ይረክሳል፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል።

ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ደረጃ ማድረቁ ነው። ምንጣፍና ወንበር ወጥተው፣ በሮች ተከፍተው፣ መኪናው ለሁለትና ለሦስት ቀናት ፀሐይ ቢመታው፣ ባዶዎቹ ክፍሎችም በኮምፕሬሰር አየር ቢነፉ የተሻለ ይሆናል። በእርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ማንኛውም መከላከያ ውሃውን ከብረቱ ጋር አብሮ ስለሚያሽገው፣ ካለመቀባት የከፋ ውጤት ያመጣል።

ልል ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል። በአሮጌ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል፣ ፍቀቱ በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ቢሆንና አፍና አፍንጫ ቢሸፈን፣ ልጆችም ከአካባቢው ቢርቁ ይመረጣል። በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የሚቀረውን ዝገት ለማርከስ ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ይቀባል፤ የመጀመሪያው ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ጥቁር የብረት ታኔት ስለሚለውጡት ቀለም የሚይዝ የረጋ ገጽ ይፈጠራል። ይህ ፈሳሽ የሚሠራው ግን በስስ ዝገት ላይ ብቻ እንጂ በሚላጥ ወፍራም ዝገት ላይ አይደለም።

መቀባት፦ የሚያድነውና የሚያሳስተው

በተፋቀው ላሜራ ላይ አስቀድሞ በቀለም መደብሮች አንቲረስት የሚባለው ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ዚንክ የበዛበት ዓይነት ከተገኘ ደግሞ በቀጥታ ባዶ ብረት ላይ መዋል አለበት፤ ዚንኩ ከብረቱ ጋር ካልተነካካ የመሥዋዕትነት ሥራውን መሥራት አይችልምና። ከዚያም ጠጠር የሚመታቸው ቦታዎች ወፈር ያለ የማብቂያ ቀለም ያስፈልጋቸዋል።

በብዙ አካባቢዎች የሚዘወተሩት ሁለት አቋራጮች በዚህ ደረጃ ሊመዘኑ ይገባል። አንደኛው የመኪናን ሆድ በሬንጅ መለሰን ነው። ሬንጅ አዲስ ሲሆን ውሃ የማያስገባ ጥሩ ሽፋን ቢሆንም፣ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ በሬንጁና በላሜራው መካከል ተኝቶ ስለሚከርም፣ ከላይ ጥቁርና ጤነኛ የሚመስለው ሆድ ከሥሩ ሊበሰብስ ይችላል። ሬንጅ የቀባ ሰው በየዓመቱ ስንጥቁን ፈልጎ ልሉን ማንሣት ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው የተቃጠለ ዘይት መርጨት ነው። ዘይት ውሃን ማራቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሞተር የወጣ ዘይት አሲድ፣ ውሃ፣ የብረት ብናኝና ካንሰር አምጪ ውሁዶችን የያዘ ሲሆን የሻንሲውን ጎማዎችም ያበላሻል፣ የጋለ ማርሚታ ሲነካም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በጉራጌ መንደር ደግሞ ጉዳቱ በመኪናው አይቆምም። በጓሮ የሚረጨው ዘይት ለምግብ የሚሆነው እንሰት በተተከለበት አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ በቤቶች ፊት ለፊት የሚዘረጋውንና የጋራ መሰብሰቢያ የሆነውን የጀፎረ ሣር ያቃጥላል፤ በጎርፍም ወደ ወንዝ ይገባል። ዘይት መጠቀም ካስፈለገ ንጹሕ ዘይት ወይም ግራሶ መግዛት ይሻላል።

ለባዶ ክፍሎች ከሁሉም የሚሻለው ሰም ነው፤ ምክንያቱም ሰም በስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ሳይሰነጠቅ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ውሃንም ያርቃል። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ምርት በማይገኝበት ቦታ ሰም ከንጹሕ ዘይት ጋር ቀልጦ፣ በጥቂት አኳራጅ ቀጥኖ፣ ቀጭን ቱቦ ባለው መርጫ በመውረጃ ቀዳዳዎች በኩል ሊገባ ይችላል። ሰሙ መቅለጥ ያለበት በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ እንጂ በቀጥታ በእሳት ላይ አይደለም፤ አኳራጁም የሚጨመረው ከቤት ውጭ፣ እሳቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ሰሙ ከረጋ በኋላ ቀዳዳዎቹ በሽቦ እንደገና መከፈት አለባቸው፤ ውሃ የሚወጣበትን ቀዳዳ በመከላከያ መድፈን ልፋትን ከንቱ ማድረግ ነው። የፍሬን ሸራና ከበሮ፣ ማርሚታና የጎማ ክፍሎች ምንም ዓይነት ዘይትም ሆነ ሰም ሊነካቸው አይገባም።

በክረምቱ ውስጥ

ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቀላል ቢሆንም መደበኛ መሆን አለበት። መኪናው በሣር ላይ ከማደር ይልቅ ውሃ በሚያሳልፍ ጠጠር ላይ ቢያድር ሆዱ ቶሎ ይደርቃል፤ በቡታጅራ አካባቢ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረው ቀዳዳማ ገረጋንቲ ለዚህ ተስማሚ ነው። በፕላስቲክ መሸፈን እርጥበትን ስለሚያምቅ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ይመረጣል። ጭቃ መንገድ ከተሄደ በኋላ ሆዱን ማጠብ፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር በሮችን ከፍቶ ምንጣፉን ማስጣት፣ ቅጠል ማንሣትና መኪናውን ለረጅም ጊዜ ሳያንቀሳቅሱ አለማቆም ከማንኛውም ውድ ቀለም ያላነሰ ጥቅም ይሰጣሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ከክረምት በፊት የሚደረግ እጥበት፣ ማድረቅና ሽፋን የሚጠይቀው ጥቂት ቀናትና መጠነኛ ወጪ ሲሆን፣ የተበላ ሻንሲ መበየድ ግን የወራት ሥራና ከባድ ወጪ ነው። በሁለቱ ከተሞች ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሞተር ጥገናን ሲያስተምሩ የላሜራ ጥበቃንም አብረው ቢያስተምሩ፣ የላቫጆ ባለቤቶችም የሆድ እጥበትን ራሱን የቻለ አገልግሎት አድርገው ቢያቀርቡ፣ ተጠቃሚው የመኪናው ባለቤት ብቻ ሳይሆን መንገዱን የሚጋራው ሁሉ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ባለቤቱ ቅደም ተከተሉን አይዘንጋ፦ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ቀጥሎ ይድረቅ፣ ከዚያ ይፋቅ፣ በመጨረሻ ይቀባ፤ ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ሰው ዝገቱን በቀለም ሸፈነው እንጂ አላቆመውም።